ማንም ያላዘዛቸው አበቦች

«እኔ አልነካሁትም! እናቴ ትሙት፣ አልነካሁትም!»

ሳቂታ ሰሌዳው ሥር ቆማ በሹራቧ እጅጌ አፍንጫዋን እየጠረገች ታለቅሳለች። ስሙ የወጣላት ያለ ነገር አይደለም፤ መምህር ሲያነጥስ ትስቃለች፣ ወንበር ሲንቋቋ ትስቃለች፣ ዜሮ አግኝታ ወረቀቷን ስትቀበል እንኳ ትስቃለች። ዛሬ ግን ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደ ገባ እንጃ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ አራት እስክሪብቶ በደረት ኪሱ እንደ ሰካ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊቷ ተገትሯል።

«ሰኞ ዕለት የቤተ ሙከራው ቁልፍ በማን እጅ ነበር?»

«በእኔ።»

«ሌላ ሰው ገብቷል?»

«አልገባም። ቆልፌ ነው የወጣሁት።»

«እንግዲያው አዲሱ ማይክሮስኮፕ በገዛ እግሩ ከጠረጴዛ ዘሎ ወረደ ማለት ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ተንከተከቱ። ምክትሉ ግን ለማሳቅ አልነበረም የተናገረው። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው የፊታችን ሰኞ ጠዋት እንደሚሰበሰብ፣ አባቷን ይዛ እንድትመጣ፣ እስከዚያ ያየ ሰው ካልቀረበላት ደግሞ የዘንድሮውን ፈተና እንድትረሳው ነግሯት ወጣ። ሳቂታ እዚያው እንደ ቆመች ቀረች።

በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠችው መቀስ እጆቿን ዴስኩ ሥር ደብቃ ነበር። መቀስ የሚሏት እናቷ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይቆርጣል። አሁን ግን ምላሷ አፏ ውስጥ ተጋድሟል። አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል። ይህቺን ሰዓት ሁለት ወር ሙሉ ስትጠብቃት ኖራለች፤ እንዲህ ትጣፍጣለች ብላ ግን አልገመተችም።

ማይክሮስኮፑን ማን እንደ ሰበረው የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው በሒሳብ ፈተና ላይ ነው። ሳቂታ መልስ የሞነጫጨረችበትን ብጣሽ ወረቀት መቀስ እግር ሥር ጣለችው፤ ፈታኙ አየውና አነሣው። «የማን ነው?» አለ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት ሁለቱ ጓደኛሞች ተያዩ። ሳቂታ በጣቷ ጠቆመችና «የእሷ ነው» አለች።

ዜሮውን መቀስ ቻለችው። የአምስት ቀን እገዳውንም ቻለችው። ያልቻለችው የእናቷን ነገር ነው። እናቷ ወላጅ ይምጣ ሲባሉ ከሥራ ገበታቸው ተነሥተው ነበር የሮጡት፤ የልክ መውሰጃው ሜትር ከአንገታቸው ላይ አልወረደም፣ ጉልበታቸው ላይ የክር ብናኝ ነበረባቸው። ምክትሉ ተቀመጡ እንኳ አላላቸውም። «ልጅዎን ሥርዓት ያስተምሩ» አላቸው። ለወላጆች ቀን ልብሳቸውን ሁለት ጊዜ ተኩሰው የሚመጡት ሴትዮ፣ ልጃቸው ላላደረገችው ነገር «ይቅርታ ጌታዬ» አሉ። ሦስት ጊዜ አሉ። መቀስ ከጎናቸው ቆማ ቆጥራለች።

የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእግዚአብሔር ጋር የምታወራው እዚያ ነው። የጠፋ እርሳሷን፣ የታመመች ድመቷን፣ የሞተ አባቷን፣ ሁሉንም እዚያ ነግራዋለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም ሳትናገር፣ የእናቷን የስፌት መኪና ፔዳል እየሰማች አብራው ትቀመጥ ነበር። ያን ቀን ግን ጥርሷን ነክሳ ነው የተናገረችው።

«እሷም እንዲሁ ስትቆም አሳየኝ። ሁሉም ሰው ጣቱን ሲቀስርባት አሳየኝ። ካሳየኸኝ የቤተ ጸሎቱን መጋረጃ በእጄ ሰፍቼ እሰጥሃለሁ። ሰፍቼ እስክጨርስም ምሳ አልበላም።»

ገና ሳያሳያትም ቃሏን መፈጸም ጀመረች። ቤተ ጸሎቱ ለአዲስ መጋረጃ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ከፋይ ጨርቅ ገዝቶ እናቷ በነጻ እንዲሰፉለት ጠይቆ ነበር፤ መቀስ «እኔ እሰፋዋለሁ» ብላ ነጠቀቻቸው። እናቷ ደስ አላቸው፤ ለምን እንደ ሆነ አልጠየቁም። የነገሯትም አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨርቁን ዘርግተው እጇን ይዘው ዳበሱላት።

«ይሄውልሽ፣ ከፋይ እንደ ድመት ነው፤ ጠጉር አለው። ወደዚህ ስትዳብሺው ይለሰልሳል፣ ወደዚያ ሲሆን እጅሽን ይቃወምሻል። መጋረጃው ሁለት ክንፍ ነው፤ የሁለቱም ጠጉር ወደ ታች ይውረድ። ይቺን ብቻ አትርሺብኝ፤ ሌላውን እንደ ፈለግሽ።»

«እሺ እማዬ፣ ገባኝ አልኩ እኮ።»

የመጀመሪያው ክንፍ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከሰፋችው በኋላ ስፌቱ ብቻ አነሰባትና ግርጌው ላይ በወርቃማ ክር አበባ ጠለፈች፤ ግንድና ቅጠል ያላቸው አሥራ ሁለት አበቦች። ጣቷን መርፌ በወጋት ቁጥር ደስ ይላት ነበር። በምሳ ሰዓት ደግሞ የሌሎቹ ምግብ ሽታ እንዳይፈትናት ከቤተ ሙከራው በስተጀርባ ካለው ደረጃ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች።

ሰኞ ዕለትም እዚያ ነበረች። የቁልፍ ተረኛዋ ሳቂታ በሩን ቆልፋ ሄደች፤ መስኮቱን ግን ረስታዋለች። ነፋስ መጣ። የመስኮቱ መጋረጃ የግርጌው ዘምዘማ ተተርትሮ፣ የክሩ ቀለበት ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ዓይን እንዲህ ያለውን ነገር አያልፍም። ክሩ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተቀመጠውን የማይክሮስኮፕ ማስተካከያ ብሎን ሲይዘው በመስኮቱ አየች። ነፋሱ መጋረጃውን ወደ ውጭ ሳበው፤ ማይክሮስኮፑም አብሮ ተሳበ። ከዚያ ብርጭቆ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ፤ ክሩ ተበጠሰ፤ መጋረጃው ምንም እንዳልሠራ ሰው ወደ ቦታው ተመለሰ።

ልትናገር ተነሥታ ነበር፤ እውነት ለመናገር እግሯ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ሄዷል። እዚያ ስትደርስ የቤተ ሙከራው ኃላፊ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» እያለ ሲጮህ ሰማች። አንዱ ተማሪ የሳቂታን ስም ጠራ። መቀስ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ ወደ ደረጃዋ ተመለሰች።

«ሰምተኸኛል ማለት ነው» አለችው እግዚአብሔርን በልቧ። እሱ ምን እንዳለ ግን ለመስማት አልጠበቀችም።

ረቡዕ፣ ሳቂታ ሰሌዳው ሥር ካለቀሰች በኋላ፣ መቀስ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት እየፈነጠዘች ነው የሄደችው። ደብተሯን ወርውራ የቀረውን ከፋይ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ለክታ፣ አናቱን አጥፋ፣ ግርጌውን ዘምዝማ፣ ወዲያው ወደ ጥልፉ ገባች። ሳቂታ ያፈሰሰችው እንባ ሁሉ ወርቃማ ክር ሆኖ እጇ የገባ መሰላት። እንዲያውም ለምስጋና ብላ፣ እስከ ቅዳሜ ሦስት ሌሊት ሳትተኛ፣ በለመደ እጇ በዚህኛው ላይ አሥራ አምስት አበባ አደረገችበት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እናቷ ክር ሊገዙ ወጥተው ነበር። ከፈተችው፤ ሳቂታ ናት። ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯን እንኳ በቅጡ አላበጠረችም።

«ልግባ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

ሳቂታ በሩ ላይ ቀረች። በጫማዋ አፍንጫ መሬቱን ቆፈረች።

«አንቺ በምሳ ሰዓት እዚያ ደረጃ ላይ ነው የምትቀመጪው። ሁሉም ያውቃል። ሰኞ ዕለት ምንም አላየሽም? የገባ ሰው፣ የሆነ ነገር…»

መቀስ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። ይህንንም ጠብቃው ነበር።

«አላየሁም።»

«ድምፅም አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም አልኩሽ እኮ።»

«እሺ በቃ።» ሳቂታ ልትሄድ ዞራ ተመለሰች። «ያን ቀን… በፈተናው… ፈርቼ ነው እሺ? አባቴ ቢሰማ ይገድለኝ ነበር። ሼም ይዞኝ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ። ይቅርታ።»

«አሁን ስትቸገሪ ትዝ አለሽ?»

ሳቂታ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። መቀስ ደግሞ ልክ እንደ ትልልቅ ሰዎች አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ይርዳሽ» አለቻት። በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ጓደኛዋ ከመንገዱ እስክትታጠፍ ድረስ በመስኮቱ ሽንቁር አየቻት። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ግን ያ «አላየሁም» የሚለው ቃል እንደ ሳቂታ «የእሷ ነው» ሆኖባት ጆሮዋ ላይ ቀረ። እሱን እንዳትሰማ ብላ ፈጥና ወደ ጥልፏ ተመለሰች። የጠረጴዛውን ሥር ግን ከሰኞ ጀምሮ አልገባችበትም።

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃውን አጥፈው ከእናቷ ጋር ወደ ቤተ ጸሎቱ ወሰዱት። የቤተ ጸሎቱ ጠባቂ አዛውንት መሰላሉን አቁመው ጠበቋቸው። ባዶ አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ ተደራርበዋል፣ ከረጃጅሞቹ መስኮቶች ብርሃን ይገባል። መቀስ መሰላሉ ላይ ወጥታ ሁለቱን ክንፎች ሰቀለች፤ ወርዳም፣ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ እየሄደች ዞራ አየች።

ግራው ክንፍ ደማቅ ወይን ጠጅ ነው። ቀኙ የጠቆረ፣ ጥላ ያረፈበት የሚመስል ሌላ ቀለም ሆኗል።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት። «ዓይኔ ነው እንዴ የከዳኝ? ከሁለት ሱቅ ነው የተገዛው?»

«ከአንድ ጣቃ ነው አባባ» አሉ እናቷ።

መሄጃ ሲጠፋት መቀስ ሮጣ ቀኙን ክንፍ ከላይ ወደ ታች ዳበሰችው። ጨርቁ እጇን ተቃወማት፤ ቀለሙን የለወጠው ወደ ላይ የዞረው ጠጉር ነው። ረቡዕ ከሰዓት፣ ያ ሁሉ ፈንጠዝያ፣ ጨርቁን ገልብጣ ዘርግታ አናቱን ግርጌ አድርጋዋለች። አንድ ጊዜም በእጇ አልዳበሰችውም።

«ጥልፍ እጨምርበታለሁ» አለች እየተንተባተበች። «ከላይ እስከ ታች በወርቅ ክር ብሞላው ቀለሙ አይታይም። ሌላ ሁለት ሳምንት እሠራለሁ። ቁርስም አልበላም።»

እናቷ ከት ብለው ሳቁ። «ቁርስ ባትበዪ ከፋዩ ምን ገዶት?»

«እማዬ፣ የእውነቴን ነው!»

«እኔም የእውነቴን ነው። ጥልፍ አይሸፍነውም፤ የበለጠ ያሳብቅበታል።» ጎንበስ ብለው አበቦቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ጥሩ ልብስ ሰፊ ናቸውና የእጅ ሥራ ያውቃሉ፤ ፊታቸው ላይ አድናቆት ነበር። «ሲያምሩ! ማን አዘዘሽ እነዚህን?»

«ማንም። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው።»

«እሺ። እኔ ያዘዝኩሽ ግን አንድ ነገር ነበር።»

አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። አዛውንቱ «ለነገ የድሮውን እንሰቅላለን፣ ምን ችግር አለ» ብለው መሰላሉን አነሡ። እናትና ልጅ ጨርቁን ተሸክመው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ቀኙን ክንፍ ዘርግተው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አናቱ ይፈታል፣ ግርጌው ይፈታል፣ ጨርቁ ይገለበጣል። ግን ሲገለበጥ አበቦቹ ከላይ ተዘቅዝቀው ይቀራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ እነሱ መፈታት አለባቸው፤ አሥራ አምስቱም። መቀስ የስፌት መፍቻዋን አንሥታ የመጀመሪያውን አበባ ወጋችው። ሌሊት የደከመችበት ቅጠል በአንድ ጊዜ ተመዝዞ ወጣ።

አራተኛው አበባ ላይ ዓይኗ በእንባ ተሞላ።

«እማዬ፣ እኔ አይቻለሁ።»

«ምኑን?»

ነገረቻቸው። የጠረጴዛ ሥር ስለቷንና የተወችውን ምሳ፣ ነፋሱን፣ የተተረተረውን ዘምዘማ፣ ብሎኑን የያዘውን ክር፣ ኮሪደሩ ላይ ዞራ መመለሷን፣ በሩ ላይ «አላየሁም» ማለቷን፣ ሁሉንም። እናቷ እጃቸው መፍታቱን አላቆመም።

«ለአንቺ ብዬ ነው!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ሜትሩ አንገትሽ ላይ ሆኖ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ስትጠይቂ አይቻለሁ! እሷ ናት እንደዚያ ያስቆመችሽ! እሷም ትቁም! አባቷም ይቁም! ምናለበት እማዬ? አንዴ ብቻ፣ ምናለበት?»

እናቷ እጃቸውን አቆሙ። ያን ቀን እንዳስታወሱት ከፊታቸው ያስታውቃል፤ አንገታቸውን ነካ አደረጉ፣ ሜትሩ አሁንም እዚያው ነበር።

«አንድዶኛል» አሉ። «ሰንብቶ ሁሉ ሌሊት ሌሊት ያነድደኝ ነበር። ግን እኔ መቼ አዘዝኩሽ?»

«አላዘዝሽኝም።»

«እግዚአብሔርስ አዞሽ ነበር?»

መቀስ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሌላ ክር መዘዘች። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ። ይህን ሁሉ ቀን ምሳ የተውሽለትን ጠይቂዋ።» ይህን ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሲጨርሱ ከፋዩ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ብቻ ቀሩ። እናቷ በእንፋሎት ሊያጠፏቸው ካውያውን ሊያሞቁ ሲነሡ፣ መቀስ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ቦታው ጠቧታል፤ ጉልበቷ አገጯን ይነካል። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ምንም ልታቀርብለት የምትችለው ነገር አልነበራትም፣ አበባም ጾምም። ስለዚህ እንደ ልጅነቷ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ ለመቀመጥ ለምን እንደ ፈራች ገባት፤ ዝም ካለች እግዚአብሔር ምን እንደሚላት ታውቅ ነበራ። ናፍቋት ነበር። እንዲህ እንደ ናፈቃት አላወቀችም፤ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት የሹራቧን እጅጌ አየችው፣ ልክ እንደ ሳቂታ አፍንጫዋን ስትጠርግበት ነበር። ከዚያም ተናደደች። ሳቂታን አሁንም አልወደደቻትም።

ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ቦርሳዋን አነሣች፤ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ምሳዬን ቋጥሪልኝ።»

እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። «መጋረጃው አላለቀም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

በምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሳቂታና አባቷ ተቀምጠዋል። አባቷ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያሻል፤ የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም። መቀስ ልክ እንዲህ ሆኖ ልታየው ፈልጋ ነበር። አየችው፤ ከአንገቱ ላይ ሜትር ብቻ ነው የጎደለው። ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለች ሳቂታ። «ሙድ ልትይዢብኝ ነው?»

«ያየሁትን ልናገር። የቤተ ሙከራው መጋረጃ ግርጌው ተተርትሯል፤ የተበጠሰው ክር አሁንም ብሎኑ ላይ ሊኖር ይችላል። አሳያቸዋለሁ።»

አባቷ ብድግ አለ። «እና ዓርብ…» አለች ሳቂታ፣ ነገሩ ቀስ እያለ እየገባት፤ «ዓርብ ስለምንሽ… አይተሽ ነበር?»

«አይቼ ነበር። ዋሸሁሽ። እሱንም እናገራለሁ።»

ሳቂታ ፊቷ ቀላ። ልትሳደብ ነው ወይስ ልታለቅስ አይታወቅም። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለእኔ ብለሽ ነው?» አለቻት።

መቀስ የሚቆርጥ መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበራት፤ ዋጠችው።

«ለአንቺ ብዬማ ቢሆን አልመጣም ነበር» አለችና በሩን አንኳኳች።